ኤል ፓሶ የማን ከተማ ናት? ስለ ድንበሯ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሕዝብና ባህል

አዲስ ተጓዥ (ክሩን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በመጪው የትምህርት ዘመን በኤል ፓሶ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙዎች በአጭሩ «ዩቴፕ» በሚሉት፣ የዶክትሬት ትምህርት ለመጀመር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ባለቤቴና የአምስት ዓመት ሴት ልጃችን አብረውኝ ይጓዛሉ። ስለ ትምህርት ክፍሉና ስለ ቤት ኪራይ ያለውን መረጃ ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ ያልገባኝ ሕዝቡ ነው። ካርታውን ስመለከት ከግቢው በታች አውራ ጎዳና፣ ከእሱ ቀጥሎ ሐዲድ፣ ከሐዲዱ ቀጥሎ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ አገር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ኖሬ አላውቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ነዋሪ «ሂስፓኒክ»፣ ማለትም መነሻው ስፓኒሽ ተናጋሪ ከሆነ አገር፣ ነው ሲባል በዕለት ኑሮ ምን ማለት ነው? ከተማዋ በባህሏ የአሜሪካ ናት ወይስ የሜክሲኮ? ልጄስ ከጎረቤት ልጆች ጋር በየትኛው ቋንቋ ትጫወታለች? «የእኛ ሰው አለ ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ዳላስ ያሉ ዘመዶቼ ገና ሳልጠይቃቸው «የለም» ብለው ተስፋ አስቆርጠውኛል።

ቆጠራ ወዳድ

እንኳን ደስ አለዎት። የማስተርስ ትምህርቴን እዚያው ስለጨረስሁ፣ ደግሞም ሙያዬ ከቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የኤል ፓሶ ከተማ ነዋሪ 678,815 ነበር፤ ካውንቲው፣ ማለትም ከተማዋን ያቀፈው ወረዳ፣ በሙሉ ሲታይ 865,657 ይደርሳል። ከከተማው ነዋሪ ከመቶ 81 ገደማ የሚሆነው ራሱን ሂስፓኒክ ብሎ የመዘገበ ሲሆን፣ የሚበዛው የዘር ሐረጉን ከሜክሲኮ የሚመዝዝ ነው። ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች ከመቶ 12 ገደማ ናቸው፤ ጥቁሮች ከመቶ አራት አይሞሉም፤ እስያውያን ደግሞ ከሁለት በታች ናቸው። ከአሜሪካ ውጭ የተወለደው ነዋሪ ከአራት ሰው አንዱ ያህል ሲሆን፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ደግሞ በቤቱ ስፓኒሽ ይናገራል።

ነገር ግን «ሂስፓኒክ» የሚለው ቃል እኛ «ብሔር» ስንል የምናስበውን አይተካም። የቆጠራው ቅጽ የሂስፓኒክን ጥያቄ ከዘር ጥያቄ ለይቶ ነበር የሚጠይቀው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሂስፓኒክም ነጭም፣ ወይም ሂስፓኒክም ጥቁርም ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ አያት ቅድመ አያቶቿ በዚያው የተወለዱ፣ ስፓኒሽ ግን የማትናገር ተማሪ፣ ከእሷ አጠገብ ወላጆቹ ቺዋዋ ከተባለው የሜክሲኮ ግዛት ገጠር የመጡ ልጅ፣ ከኋላቸው ደግሞ ጠዋት ከሜክሲኮ ተነሥታ የመጣች ወጣት ተቀምጠው አይቻለሁ። በቆጠራ ሠንጠረዥ ላይ እነዚህ ሦስቱ አንድ መስመር ናቸው፤ በኑሮ ግን ሦስት ዓለም ናቸው። ለነገሩ ሦስተኛዋ በሠንጠረዡም የለችም።

ሌላው «የኮሌጅ ከተማ» የሚለው ስም ነው። በዩቴፕ የሚማሩት ከ24 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ከመቶ 84 ገደማ የሚሆኑት ሂስፓኒክ ናቸው። አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ስለሆኑ ከወላጆቻቸው ቤት እየተመላለሱ ይማራሉ፤ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ተማሪ ከሌላ ስቴት መጥቶ የሚሞላት፣ በክረምት ጭር የምትል የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ጠብቀው ከሆነ ይህች ሌላ ናት። ተማሪው ራሱ የከተማው ሕዝብ ነው።

ወንዝ ማዶ

ቆጠራ ወዳድ ያቀረቡት ቁጥር ትክክል ነው፤ እኔ የምከራከረው ከቁጥሩ ውጭ ስለቀሩት ነው። ቆጠራ የሚቆጥረው የሚያድረውን እንጂ የሚውለውን አይደለም። በኤል ፓሶ ደግሞ የሚያድረውና የሚውለው ሕዝብ አንድ አይደለም።

በ2020 በተደረገው የሜክሲኮ ቆጠራ ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ፣ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ፣ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ ነበራት፤ የኤል ፓሶን ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ኤል ፓሶን ብቻዋን መግለጽ አንድን ቤት በሳሎኑ ብቻ እንደ መግለጽ ነው። አሥራ አራት ዓመት ኖሬባታለሁ፤ የከተማዋን ስሜት የሚወስነው ከአየር ጠባዩ ይልቅ የድልድዩ ወረፋ ነው። እዚያ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ድልድዩ እንዴት ነው?» ብሎ ነው።

በእግር የሚሻገረው ሕዝብ የሚበዛበት በመሐል ከተማ ያለው የፓሶ ዴል ኖርቴ ድልድይ ነው። ክፍያ ስለሌለበት ሰዉ «ነጻው ድልድይ» የሚለው የአሜሪካዎች ድልድይ በስተ ምሥራቅ ይገኛል፤ ከእሱም አልፎ በኢስሌታ በኩል የሳራጎሳ ድልድይ አለ። ማለዳ ክፍል ያላቸው ተማሪዎች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ይሰለፋሉ። ከእነዚህ መካከል በአሜሪካ ተወልደው ሁዋሬዝ የሚኖሩ ዜጎች አሉ፤ የሜክሲኮ ዜጎች ሆነው ለተመላላሽ ተማሪ የተዘጋጀ ቪዛ ያላቸውም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ከ1989 ጀምሮ አቅማቸው ውስን የሆነ የሜክሲኮ ዜጎች የቴክሳስ ነዋሪ የሚከፍለውን ያህል ብቻ ከፍለው እንዲማሩ የሚያስችል ሥርዓት አለው። ይህ ባይኖር የግቢው መልክ ሌላ ይሆን ነበር።

ጉዞው ወደ ሰሜን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜክሲኮ በ1965 በጀመረችው የድንበር ኢንዱስትሪ መርሐ ግብር የተነሣ ሁዋሬዝ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ የመገጣጠሚያ ፋብሪካዎች አሉ፤ ኤል ፓሶ አድረው ጠዋት ወደ ደቡብ የሚሻገሩ መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ደግሞ የሁዋሬዝ ቤተሰብ ለገበያ ይመጣል፤ የኤል ፓሶ ሰው ለጥርስ ሐኪም፣ ለመድኃኒትና ለአያት ቤት ምሳ ይሄዳል። አሜሪካ ከመጋቢት 2020 እስከ ኅዳር 2021 የምድር ድንበሯን ለቪዛ ተሻጋሪዎች በዘጋች ጊዜ ዜግነት ያለው ይሻገር ነበር፤ ቪዛ ብቻ ያለው ግን አይችልም ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እናት ማዶ፣ ልጅ ወዲህ ሆነው ሃያ ወራት ገደማ አለፉ፤ በድልድዩ አፍ ያሉት ልብስና ጫማ ሻጮችም ደንበኛቸው ማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ታሪክ ነጋሪ

ወንዝ ማዶ የተናገሩት እውነት ሥር አለው፤ ሁለቱ ከተሞች ቀድሞ አንድ ነበሩ። እንዲያውም ድንበሩ ከሕዝቡ በዕድሜ ያንሳል።

እስፓኛውያን በ1659 የመሠረቱት የጓዳሉፔ ሚስዮን ዛሬ በሁዋሬዝ መሐል ነው የሚገኘው፤ ኤል ፓሶ ዴል ኖርቴ የሚለው ጥንታዊ ስምም የዚያኛው ማዶ ስም ነበር። በ1680 በኒው ሜክሲኮ የፑዌብሎ ሕዝቦች በእስፓኛ ላይ ባመፁ ጊዜ ወደ ደቡብ ከተሰደዱት ጋር ከፑዌብሎ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ቲጓዎች መጡ፤ በ1682 የተመሠረተችው ኢስሌታ ዛሬ የኤል ፓሶ ከተማ ክፍል ናት። ልብ በሉ፦ በ1830 አካባቢ ወንዙ መንገዱን እስኪቀይር ድረስ ኢስሌታ ከወንዙ በስተ ደቡብ ነበረች። ሰዎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ወንዙ በላያቸው አለፈ። አሜሪካና ሜክሲኮ የተፈራረሙት የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል በ1848 ወንዙን ድንበር ሲያደርገው ደግሞ ሳይሰደዱ የሌላ አገር ሰዎች ሆኑ። ቲጓዎች ዛሬም በዚያው በኢስሌታ የራሳቸው የጎሣ አስተዳደር አላቸው፤ ቁጥራቸው በሠንጠረዥ ላይ ከአንድ በመቶ በታች ቢሆንም ከተማዋ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ እዚያ የነበሩ ናቸው።

ወንዙ ራሱ ሁለት ስም አለው፤ ሰሜኖቹ ሪዮ ግራንዴ፣ ደቡቦቹ ሪዮ ብራቮ ይሉታል። ከ1848 በኋላም እንደ ልቡ መንገዱን መቀያየሩን አልተወም፤ ወደ ደቡብ በመሸሹ የተነሣ ቻሚሳል የተባለው መሬት ለመቶ ዓመት ያህል ሁለቱን መንግሥታት አከራክሯል። ጉዳዩ በ1963 በተፈረመ ውል ሲያበቃ ከኤል ፓሶ በኩል አምስት ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀቁ፤ ወንዙም በሲሚንቶ ቦይ ታሰረ። አሁን ከድልድዩ ላይ ቁልቁል የሚታየው ደረቅ ቦይ ያ ነው፤ ብዙ አዲስ መጤዎች «ታላቁ ወንዝ» የሚለውን ስም ሰምተው ሲያዩት ይደነግጣሉ።

ስብጥሩን የቀየረው ትልቁ ነገር ግን ባቡር ነው። በ1881 ሐዲዱ ሲደርስ ከምዕራብ በኩል ቻይናውያን ሠራተኞች አብረውት መጡ፤ የቻይናውያን ሰፈርም ተቆረቆረ፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው የቻይናውያን ማገጃ ሕግ ግን እንዳይበዙ አደረገው። ሁዋሬዝ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ1888 ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ሶሪያውያንና ሊባኖሳውያን መጡ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ የገቡት በሜክሲኮ በኩል ነው። የሜክሲኮ አብዮት በ1910 ሲነሣ ደግሞ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጄኔራሉም ጋዜጠኛውም ተሻገረ። በ1911 የሁዋሬዝ ጦርነት ሲካሄድ የኤል ፓሶ ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ይመለከቱ ነበር። ከድልድዩ ሥር ያለው ሴጉንዶ ባሪዮ የተባለው ሰፈር ለሜክሲኳውያን ያው ኒው ዮርክ ወደብ ለአውሮፓውያን የነበረውን ያህል የመግቢያ በር ነበር።

አዲስ ተጓዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጥቁሮች የተጠቀሰው «ከመቶ አራት አይሞሉም» የሚለው ቁጥር ግን ባለቤቴን አሳስቧታል። እኛ በዚያ ውስጥ ምን እንመስላለን? ደግሞም በግቢው የቡታን ሕንፃ አለ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የማስታወቂያ ወሬ?

የጦር ሰፈሩ ሰው

በከተማዋ ባለው የጦር ሰፈር፣ በፎርት ብሊስ፣ አራት ዓመት ያገለገልሁ ነኝና የባለቤትዎን ሥጋት ልመልስ። ቁጥሩ ለከተማው አማካይ ነው፤ ሰዉ ግን በእኩል አልተበተነም። ፍራንክሊን ተራራ ከተማዋን እንደ ሽብልቅ ገብቶ ለሁለት ከፍሏታል፦ በምዕራቡ ወገን ዩኒቨርሲቲው፣ ሐኪሞቹና መምህራኑ፣ ከሁዋሬዝ የመጡ ባለ ሀብቶችም አሉ፤ በሰሜን ምሥራቁ ወገን የጦር ሰፈሩና የጡረተኛ ወታደሮች መንደሮች አሉ። ጥቁር አሜሪካዊውን፣ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ ደሴቶች የመጣውን፣ ኮሪያዊቷንና ጀርመናዊቷን ሚስት የሚያገኙት በዚህኛው ወገን ነው። የጀርመን አየር ኃይል ለአሥርት ዓመታት የአየር መከላከያ ትምህርት ቤቱን በፎርት ብሊስ ያካሂድ ስለነበር ጀርመንኛ የሚናገሩ ጡረተኞች ዛሬም አይጠፉም። በ2011 ደግሞ አንደኛው የብረት ለበስ ክፍለ ጦር ከጀርመን ተጠቃልሎ ወደዚህ ሲዛወር ሰፈሩ እንደገና ተሞላ።

የእኛን ሰው በተመለከተ የዳላስ ዘመዶችዎ ትንሽ አጋንነዋል። ጥቂት ነን እንጂ ጨርሶ የለንም ማለት አይደለም፤ በወታደርነት፣ በነርስነትና በትምህርት የመጡ አገኝ ነበር። ይሁን እንጂ እንደ ዳላስ የሐበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ ተርታውን ይታያል ብለው አይጠብቁ። እኛ ጤፉን በፖስታ እያስመጣን፣ ለፋሲካ በአንድ ሰው ቤት እየተሰበሰብን ነበር የምንኖረው። ዶሮውን ከሁዋሬዝ መጥታ አትክልት የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች የምታመጣልን፤ ስለ ቃርያችን ከእሷ ጋር ያደረግነው ክርክር ለብቻው አንድ ክር ያስከፍታል። ለእሷ የእኛ ቃርያ ለሕፃናት ነው።

ታሪክ ነጋሪ

የቡታኑ ነገር እውነት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1914 የማዕድንና የብረታ ብረት ትምህርት ቤት ሆኖ በ27 ተማሪዎች ተከፈተ፤ በ1916 በቃጠሎ ከጠፋ በኋላ ዛሬ ባለበት ተረተር ላይ እንደገና ተሠራ። የመጀመሪያው ዲን ባለቤት ካትሊን ዎሬል በአንድ የጂኦግራፊ መጽሔት ላይ የቡታንን ገዳማት ፎቶግራፎች አይታ ነበርና፣ ተራራማው ቦታ ያንን ስላስታወሳት ሕንፃዎቹ በዚያ ቅርፅ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበች። እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላም አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ጭምር ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ግድግዳና ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ አላቸው፤ በግቢው መሐልም የቡታን ባለ ሙያዎች በእጃቸው የሠሩት ቤተ መቅደስ ቆሟል። ከቴክሳስ፣ ከሜክሲኮና ከሂማልያ የተቀላቀለ ግቢ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የጥቁሮችን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ታሪኩ ትንሽ አይደለም። ሎውረንስ ኒክሰን የተባሉ የኤል ፓሶ ጥቁር ሐኪም በፓርቲ ቅድመ ምርጫ እንዳይመርጡ በመከልከላቸው ክስ መሥርተው በ1927 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትተዋል። በ1955 ቴልማ ኋይት የተባለች ተማሪ ያቀረበችውን ክስ ተከትሎ ኮሌጁ፣ ያን ጊዜ ስሙ ቴክሳስ ዌስተርን ነበር፣ 12 ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ፤ ይህም በቴክሳስ ለነጮች ብቻ ከነበሩ የመንግሥት ኮሌጆች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አድርጎታል። በ1966 አሠልጣኝ ዶን ሃስኪንስ አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በቋሚነት አሰልፎ ኬንታኪን 72 ለ65 በማሸነፍ የዩኒቨርሲቲዎችን የቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና ወሰደ። እርስዎ ግቢው ሲደርሱ ስለዚያ ጨዋታ የማይነግርዎት ሰው ካለ እሱ ራሱ አዲስ ገቢ ነው።

ያልተመቸው አንባቢ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ከልክ በላይ ያማረ መሰለኝ። አብሮ መኖር ማለት እኩል መኖር አይደለም።

በጥር 1917 የኤል ፓሶ ባለ ሥልጣናት የታይፈስ በሽታን እንከላከላለን ብለው ከሁዋሬዝ ለሥራ የሚሻገሩትን ሜክሲኳውያን ልብሳቸውን አስወልቀው በነዳጅ ድብልቅ ያጥቧቸው ነበር። ካርሜሊታ ቶሬስ የተባለች የ17 ዓመት የቤት ሠራተኛ አልታጠብም ብላ ባመፀች ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ፣ ሰዎች ድልድዩን ዘግተውታል። ከ1972 እስከ 1974 ደግሞ በሊባኖሳዊ ስደተኛ ቤተሰብ የተመሠረተው የፋራ ሱሪ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አራት ሺህ ገደማ ናቸው፣ አብዛኞቹም የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች፣ ለማኅበር መብት ሥራ አቁመዋል። «ሂስፓኒክ» የሚለው ስም የሠራተኛዋንና የዳኛውን፣ የድንበር ጠባቂውንና የተጠርጣሪውን ልዩነት ይሸፍናል። በዚያ ከተማ ድንበር ጠባቂው ራሱ ብዙውን ጊዜ የሜክሲኮ ተወላጅ መሆኑን የማያስተውል ሰው ከተማዋን አልተረዳትም።

ሁዋሬዝ ውስጥ በ2010 ብቻ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች በተገደሉበት ዘመን ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ወደ ኤል ፓሶ ተሻገረ፤ ምግብ ቤቱንም ክሊኒኩንም ይዞ መጣ። ገንዘብ የሌለው እዚያው ቀረ። ኤል ፓሶ በዚያው ጊዜ ከትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች እጅግ ሰላማዊ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። በነሐሴ 2019 ግን አንድ ታጣቂ ከዳላስ አካባቢ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ መጥቶ በዎልማርት ገበያ 23 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነሱ ስምንቱ የሜክሲኮ ዜጎች ነበሩ። ዒላማው የከተማዋ ስብጥር ራሱ ነበር። ገዳዩ ከውጭ መምጣቱን የኤል ፓሶ ሰው ደጋግሞ ይናገራል፤ ይህን ሲናገር ኩራትም ሐዘንም ይሰማበታል።

የሁለት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ልጅዎ ልመልስልዎት፤ ወንዶቹ ጦርነትና ቅርጫት ኳስ ይዘው ጥያቄዎን ረሱት።

ልጅዎ የምትጫወተው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትጋበዘው ግን በስፓኒሽ ነው። የልደት ቀን ጥሪ ላይ ስትሄዱ አያቶቹ በስፓኒሽ ይናገራሉ፣ እናቶቹ ሁለቱን እየቀላቀሉ ይናገራሉ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ቋንቋ መለወጥ እዚያ እንደ ስሕተት አይቆጠርም፤ የአገሩ አነጋገር ነው። ከእኛ ቤት «ሆምወርክሽን ጨርሰሻል?» ከሚለው አይለይም። በየትምህርት ቤቱ ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ በስፓኒሽ የሚሰጥ ክፍል ስላለ ከአንደኛ ክፍል በፊት ብታስመዘግቧት ይሻላል፤ የእኔ ትልቋ በሦስተኛው ዓመት ገበያ ውስጥ አስተርጓሚዬ ሆናለች።

አንድ ነገር ግን ልብ ነክቶኛል። ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት በልጅነታቸው በትምህርት ቤት ስፓኒሽ በመናገራቸው ተገርፈዋል፤ ስለዚህ ለልጆቻቸው ቋንቋውን ሳያስተምሩ ቀሩ። አሁን የልጅ ልጃቸው ያንኑ ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ከፍሎ ይማራል። ይህን ሰምቼ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በቤቴ አማርኛ ግዴታ ሆነ።

ስለ መልካችን ደግሞ ባለቤትዎ አይጨነቁ። እኔን በአውቶቡስም በሐኪም ቤትም ኩባዊት ወይም ፓናማዊት ናት ብለው በስፓኒሽ ነበር የሚያናግሩኝ። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው ይገረማሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ሃይማኖት ነው። ካቶሊክ ይበዛበታልና ማርያምን፣ ጾምን፣ ንግሥን ለማስረዳት አልተቸገርሁም። በጥቅምት ወር የክርስቶስ ሐውልት ወደቆመበት የክሪስቶ ሬይ ተራራ ሲወጡ አብሬያቸው ወጥቻለሁ፤ በባዶ እግሩ የሚወጣ ሰው ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ሐውልቱ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፣ የተራራው ጥግ ሜክሲኮን ይነካል፣ ምእመኑ የሚበዛው ከቴክሳስ ነው።

የሞያሌ ልጅ

ይህን ሁሉ ሳነብ ያደግሁባት ሞያሌ ትዝ አለችኝ። እኛ ዘንድም ድንበሩ በከተማው መካከል ያልፋል፤ ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂው በኢትዮጵያም በኬንያም አለ። ልዩነቱ ግን እኛ ጋ ድንበሩ ያልፋል እንጂ ብዙ አይታይም ነበር፤ እዚያ ግን አጥሩ፣ ካሜራውና ወረፋው ሰውን በወረቀቱ ይለየዋል። ወንዝ ማዶን አንድ ልጠይቅ፦ የሁዋሬዝና የኤል ፓሶ ሰው ራሱን እንደ አንድ ሕዝብ ይቆጥራል ወይስ እንደ ሁለት ዘመድ?

ወንዝ ማዶ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደ ዘመድ ይመስለኛል፣ ያውም ከሚቀላለዱት ዓይነት። የኤል ፓሶው የሁዋሬዙን «ወግ አጥባቂ ሜክሲኳዊ» ሲለው፣ የሁዋሬዙ የኤል ፓሶውን «ስፓኒሹ የተሰባበረ» ይለዋል። የኤል ፓሶ ወጣት ከተማውን «ኤል ቹኮ» ብሎ ሲጠራ የሚያቆላምጠው ራሱን እንጂ ሁዋሬዝን አይደለም። ሆኖም ማታ ከዩኒቨርሲቲው ተረተር ቁልቁል ሲያዩ የሁለቱ ከተሞች መብራት አንድ ምንጣፍ ነው፤ የት ላይ እንደሚቆረጥ ለማወቅ የድልድዩን መብራት መፈለግ ያስፈልጋል።

ለአዲስ ተጓዥ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ያለ ሜክሲኮ ቪዛ ሁዋሬዝ መግባት ይችላል፤ ሲመለሱ ግን የተማሪነት ቅጽዎ በዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የተፈረመ መሆን አለበት። ድንበር ሳይሻገሩም ቢሆን ፓስፖርትዎን ይያዙ፤ ወደ ዳላስ ዘመዶችዎ ሲነዱ በሲየራ ብላንካ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ መኪናዎን ያስቆማል። በነገራችን ላይ የኤል ፓሶ ሰዓት ከአብዛኛው ቴክሳስ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ የዳላስ ዘመዶችዎ ሌሊት እንዳይደውሉ ቀድመው ያስታውቋቸው።

አዲስ ተጓዥ

ባለቤቴ የእኅታችንን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የሁለት ቋንቋውን ክፍል ለማስመዝገብም ወስነናል። የመኪናውን መንገድ አስቤ በምዕራቡ ወገን ቤት ልፈልግ ነበር፤ አሁን የጦር ሰፈሩን ወገንም አያለሁ። ቆጠራ ወዳድን አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ፦ እኛስ፣ የተማሪ ቪዛ ያለን ሰዎች፣ ከተማዋ በምትቆጠርበት ጊዜ እንቆጠራለን?

ቆጠራ ወዳድ

ይቆጠራሉ። ቆጠራው ዜግነትን ሳይሆን መኖሪያን ስለሚከተል በዕለቱ እዚያ የሚኖር የውጭ ተማሪም ቤተሰቡም ይመዘገባል። የሚቀጥለው በሚያዝያ 2030 ነው፤ ዶክትሬት እንደሚታወቀው ይራዘማልና ሳትደርሱበት አትቀሩም። በ2020ው ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር መነሻን መጻፊያ ባዶ መስመር ነበረ፤ በምሳሌነት ከታተሙት ስሞች አንዱም «ኢትዮጵያዊ» ነው። በዚያ ቅጽ የሂስፓኒክ ጥያቄ ላይ እንደ እኛ ያለ ሰው «አይደለሁም» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ልጅዎ ግን እስከዚያ ስፓኒሹን ስትለምድ «እኔስ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም።